ልጄ «ምኑ ነው ተመስገን?» አለኝ፤ ምን ልበለው?

የአራት ኪሎዋ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የሰው ጽሑፍ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ራሴ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ከውስጤ አልወጣ ያለ ነገር አለ። ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ልጄን ይዤ ወደ ቤት ስንመለስ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ አንዲት የድሮ ጎረቤታችንን አገኘን። ቸኩላ ነበር። «እንዴት ናችሁ? ቤት ሁሉ ሰላም? ሥራስ?» አለችኝ። እኔም «ተመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ተሳሳምን፣ ተለያየን። አሥር እርምጃ እንኳ ሳንሄድ ልጄ እጄን ለቀቀ።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የምትዋሺው?»

«ምን ዋሸሁ?»

«ተመስገን አልሻት። አባዬ ሥራ የለውም። አያቴ ሞታለች። አንቺም ማታ ማታ ታለቅሻለሽ። ምኑ ነው ተመስገን?»

ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምንም አልመለስኩለትም። ዝናቡ መጣና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልን። እሱ ወዲያው ረሳው መሰለኝ፤ የጎርፉን ውሃ እያየ የወረቀት ጀልባ ሥሪልኝ አለኝ። እኔ ግን ይኸው ሦስት ቀኔ፣ አልረሳሁትም።

ዓመቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ወር ሳይሞላው መቶ ብር አለፈ። ዕቃው ደግሞ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። የሸጡበት ብር መልሶ ያንኑ ዕቃ አይገዛም። አሠሪው ሦስት ወር ያህል ታገሉ። ጥቅምት ላይ ሱቁ ተዘጋ።

ኅዳር 12 ደግሞ እናቴ ወደቀች። አብራን ነበር የምትኖረው። ለሚካኤል ልትሳለም ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። ውጪ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆኗል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ነው። መስኮቱን ልዘጋ ዞር ስል ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። አንደበቷም ተያዘ። ስሜን እንኳ መጥራት አልቻለችም። ውሃ ስትፈልግ ውሃ ማለት አቃታት።

አንድ ቃል ብቻ ቀረላት። «ተመስገን።» እሷ ጥርት ብላ ትወጣለች። ሦስት ወር ሙሉ ከአፏ የሰማነው ያንን ብቻ ነው። ሐኪሙን ስጠይቀው «ልማድ ነው፣ ትርጉም የለውም» አለኝ። ይሄ አነጋገሩ ከሞቷ እኩል አመመኝ ብል አላጋነንኩም። የካቲት 4 ቀን አረፈች። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀበርናት። ተስካሯ ዐቢይ ጾም ላይ ስለዋለ በሽሮና በምስር አወጣነው።

ልጄ እንግዲህ ያንን ቃል የሚያውቀው ከእሷ ነው። ጥያቄው የከበደኝም ለዚያ ነው። እኔ ራሴ አላውቅማ። አስባው ነበር የምትለው ወይስ ምላሷ ነው የለመደው? እኔስ ለዚያች ሴት ስል አስቤው ነው?

ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲገባ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ማታ ራት ከበላን በኋላ አራታችንም ተቀምጠን በዚህ ዓመት ደግ የዋለልንን ሰው እናስታውስና እንጻፍ ብዬ ነው። ልጆቹ ሐዘኑን ብቻ ይዘው እንዳያድጉ ፈርቼ። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። በሌሊት ድንኳን የተከለልንን ዕድራችንን ጻፍን። ታች ያሉትን ባለ ሱቅ ጻፍን። የዱቤ ደብተራቸው ላይ 4,860 ብር ደርሶብን አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብንም። የሁለት ወር ኪራይ የታገሱንን አከራያችንን ጻፍን። እኔ ሥራ ስውል እናቴን ስታገላብጥና ስታጥብ የዋለችውን ጓደኛዬን ጻፍን። ለእሷማ ገጹ አልበቃም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ ተነሣ። «ይሄ ምስጋና አይደለም። አባታችሁ ያቃተውን የሠሩላችሁ ሰዎች ዝርዝር ነው። ዕዳችንን ነው ለልጆቼ የምታነቢላቸው» አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን አነሣና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

እኔ የምሠራው አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። አካባቢውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሥራ ፈላጊው ጠዋት መንገድ ዳር ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ ያነባል። ከዚያ እኛ ጋ መጥቶ ማስረጃውን ኮፒ ያስደርጋል። የስንቱን ዲግሪ ኮፒ እንዳደረግሁ አልቆጥረውም። አሁን የባለቤቴን የሥራ ልምድም ኮፒ አደርጋለሁ። እሱ ግን አጠገቤ አይቆምም። ወረቀቱን ይሰጠኝና ወጥቶ በር ላይ ይጠብቀኛል። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፍሎ መሄድ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አላስከፍለውም። ያችን ስድስት ገጽ እንኳ በነፃ መቀበል ያመዋል።

ልጄን ምን ልበለው? ደብተሩንስ ማስጀመሬ ጥፋት ነበር? እውነቱን ንገሩኝ።


የካዛንቺሱ ጡረተኛ
ነሐሴ 26 ቀን 2017

ልጄ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። እኔ የልጅሽን ጥያቄ ለሌላ ሰው ልተወው። ስለ ባለቤትሽ ግን ልንገርሽ፤ እኔም በእሱ ቦታ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

በ1983 ወታደር ነበርኩ። ግንቦት ላይ ጦሩ ሲበተን በእግሬም በመኪናም ካዛንቺስ ገባሁ። 27 ዓመቴ ነበር። ሚስትና አንድ ልጅ ነበሩኝ። ከዚያ በፊት ደመወዜን ለእናቴም ለእህቴም የምቆርስ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች እኔን ታበላኝ ጀመር። ጎረቤት ዱቄት ያመጣል። አንዷ የልጄን ጫማ ገዛች። ባለቤቴ በየቀኑ «እግዜር ይስጣቸው፣ እከሊት ይህን አመጣች፣ እከሌ ያንን አደረገ» ትለኛለች። ክፋት የላትም። እኔ ግን ስም በጠራች ቁጥር የምቀንስ ይመስለኝ ነበር። ውለታ ይከብዳል። ለለመደው ሰው ሳይሆን፣ ሰጪ ለነበረ ሰው ይከብዳል።

ምን አዳነህ ካልሽኝ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። አንድ ቀን መጡና «አግዳሚዎቹ ተሰባብረዋል፣ አንተ እንጨት ትችላለህ አሉ፣ ታያቸዋለህ?» አሉኝ። ገንዘብ የለውም። 14 አግዳሚ ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሥራውን ስጨርስ ቀብር ሆነና ሰው ሁሉ እኔ በጠገንኩት ላይ ተቀመጠ። በጓሮ በኩል ቆሜ አየኋቸው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ባለቤቴ የሰው ስም ስትጠራ አላመመኝም። ከዚያ አናጺ ሆኜ ቀረሁ፣ ልጆቼንም በዚያው አሳደግሁ።

አሁን ሰፈራችን ለልማት ተነሥቶ የከተማው ዳር ነው ያለሁት። ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ወር በገባ እሑድ ግን ሁለት ታክሲ ይዤም ቢሆን እሄዳለሁ። ከነዚያ አግዳሚዎች ሦስቱ አሁንም አሉ።

እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ደብተር ውስጥ የባለቤትሽ ስም አለ?


የአራት ኪሎዋ
ነሐሴ 26 ቀን 2017

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የለም። የእሱ ስም የለም። አላሰብኩትም። ከደጅ የመጣውን እንጂ ከቤት ያለውን መጻፍ ትዝ አላለኝም። እናቴን የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ ላይ ደረጃ ለደረጃ ተሸክሟት የሚወጣው እሱ ነበር። ሊፍት አልነበረውም። አሁን ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።


የሌሊት ተረኛ
ነሐሴ 27 ቀን 2017

እህቴ፣ ነርስ ነኝ። ስትሮክ የመታቸውን ሕሙማን ለብዙ ዓመት አስታምሜያለሁ። ሐኪሙ ስላለሽ ነገር ትንሽ ልጨምር።

አዲስ ዓረፍተ ነገር እያሰብን የምንናገረው፣ አብዛኞቻችን፣ በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ቀኝ እጅና እግርን የሚያዘውም ያው ግራው ነው። ስለዚህ ግራው ሲመታ ቀኝ ጎን ይዝልና ንግግር አብሮ ይሄዳል። በእናትሽ የደረሰው ይሄ ይመስላል። በቃል የያዝነው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ጸሎት፣ ሰላምታ፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ መዝሙር። «ውሃ» ማለት አቅቷቸው አቡነ ዘበሰማያትን ከዳር እስከ ዳር የሚደግሙ እናት አስታምሜያለሁ። ስለዚህ «ልማድ ነው» ማለቱ ከእውነቱ አይርቅም።

«ትርጉም የለውም» ማለቱን ግን አልቀበልም። አንድ ቃል ብቻ የቀረለት ሰው በዚያችው ቃል ይቆጣባታል፣ ይለምንባታል፣ ያመሰግንባታል። ቃሏ አንድ ናት፣ ዜማዋ ግን ይለያያል። እኛ ሌሊት ላይ ከዜማው ነው የምንረዳቸው። ደግሞ መናገር ያቃተው ሁሉ መስማት አላቃተውም። ብዙዎቹ ከሚናገሩት በላይ ይረዳሉ።

እስቲ አስታውሺ፤ መቼ መቼ ነበር የምትለው? ማን አጠገቧ ሲሆን? ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እናትሽ ግፊት ነበረባት? ከነበረባት አንቺም ተለኪ። ብዙ ሰው ምንም ሳያመው ነው ግፊቱ ከፍ የሚለው። እባክሽ እንዳትረሺው።


ዝምተኛዋ
ነሐሴ 27 ቀን 2017

እኔ ለየት ያለ ነገር ነው የምለው፤ ቅር እንዳይልሽ።

አባቴ ትቶን ሲሄድ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ለሰው ሁሉ ተመስገን ትል ነበር። እኛንም በሉ ትለናለች። አንድ ቀን ሽሮ በሽሮ ሆነብንና አማረርኩ። «ይሄንንም ያጣ አለ» አለችኝ። ልክ ናት፣ ያጣ አለ። እኔ ግን ያን ቀን ማመስገንን አልተማርኩም። መደበቅን ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲህ የሚያመኝን ነገር ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። አሁን 27 ዓመቴ ነው፣ ዛሬም በስልክ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የምላት።

ልጅሽ ውሸት ያለው ምስጋናውን አይመስለኝም። ማታ ስታለቅሺ ይሰማል። ጠዋት ስለዚያ የሚያነሣ ሰው የለም። ያ ነው ያስጨነቀው። ደብተሩን ከመክፈትሽ በፊት ያዘነበትን ጠይቂው። አስተካክይለት አልልሽም። ስሚው ብቻ።


የፒያሳዋ ኡሙ
ነሐሴ 28 ቀን 2017

እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። ፒያሳ ኑር መስጊድ አካባቢ ነው ተወልጄ ያደግሁት። እኛም ዘንድ ያው ነው፤ «እንዴት ናችሁ» ሲባል «አልሐምዱሊላህ» ነው መልሱ፣ ከነልቅሶው። ጥያቄሽ የሁላችንም ነው።

ስለ ደብተሩ ግን ጥፋት አይደለም እላለሁ። ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም የሚል የታወቀ ሐዲስ አለን። እናቴ ይህን ይዛ በየዓመቱ ለዒድ ምግቡን ከማቅረቧ በፊት በየቤቱ ታዞረን ነበር። ሳህን ይዘን እንሄዳለን፣ ምን ውለውልን እንደሆነ በስም ጠርተን እንናገራለን። «ባለፈው ክረምት ጣሪያችን ሲያፈስ ላስቲክ ስለሰጡን» እያልን። ስንናገር እናፍር ነበር። ሰዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ረስተውታል። «እኔ? መቼ?» ይላሉ። ዕዳ ነው ብለን የያዝነውን እነሱ አልመዘገቡትም። ባለቤትሽ ይህን ቢያይ ጥሩ ነበር። ባለ ሱቁ ጋ አብሮሽ እንዲሄድ ሞክሪ።


የአራት ኪሎዋ
መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንኳን አደረሳችሁ። ዝም ብዬ የጠፋሁ እንዳይመስላችሁ፤ በየቀኑ እየገባሁ አነብባችሁ ነበር። የሚጻፍ ነገር እስኪኖረኝ ነው የቆየሁት።

ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። እንደምታውቁት የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው። ሁለቱም ልጆቼ ሸሚዛቸውን አውልቀው ግቢ ወጡ። እናቴ ብትኖር ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። ጠግበው ሲገቡ ትንሿን አልብሼ የትልቁን ጭንቅላት በፎጣ ማድረቅ ጀመርኩ። ፊት ለፊት ስላልተያየን ነው መሰለኝ መናገር ቀለለኝ።

«ያን ቀን የጠየቅኸኝ ትዝ ይልሃል? ዋሸሽ ያልከኝ?» አልኩት።

«አዎ።» ረስቶታል ያልኩት እኔ ነኝ። አልረሳም ነበር።

«ሁሉንም ስላልተናገርኩ ነው። አባዬ ሥራ የለውም፣ እውነት ነው። አያትህ ሞታለች። ማታ አለቅሳለሁ፤ እሷ ስለናፈቀችኝ ነው፣ ገንዘብም ስለሚያስጨንቀኝ ነው። አንተስ?»

ዝም አለ። ከዚያ አንድ በአንድ መናገር ጀመረ። ትምህርት ቤት መክሰስ ሲበሉ ዘወር ብሎ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። አያቱ የሞተች ለት ጎረቤት ቤት ልከነው ስለነበር እንዳልተሰናበታት ነገረኝ። ሰባት ወር ሙሉ ይዞት ነበር። እኔ ከሐዘን ጠበቅሁት ብዬ ነበር የማስበው። ዝምተኛዋ፣ ያልሽው በትክክል ይሄ ነው። አላስተካከልኩም። ፎጣውን ይዤ ሰማሁት። እኔም አለቀስኩ፣ እያየኝ።

ከዚያ ስለ አያቱ ጠየቅሁት። ሲስተር፣ አንቺ ያልሽኝን ይዤ። «አያትህ ተመስገን የምትለው መቼ ነበር? ታስታውሳለህ?»

ወዲያው ነው የመለሰልኝ። «ትራሷን ሳገላብጥላት። ቀዝቃዛው ጎን ሲመጣላት። ዶክተሩ ሲመጣ ግን አትልም ነበር።»

እኔ ይህን አላየሁም። ቀን ሥራ ነኝ፣ ማታ ደክሜ ነው የምገባው። ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቧ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ትራስ ማገላበጡን ማንም አላዘዘውም። ሐኪሙ የሰማው ቃል ልጄ ከሰማው ጋር አንድ አይደለም ለካ። ልጄ ምላሽ ነበር የሚቀበለው። እሱ እንዲህ ሲለኝ «እንግዲህ አያትህ ስታመሰግን የነበረው አንተን ነው» አልኩት። ምንም አላለኝም። ማታ ላይ ግን ትራሱን ይዞ ወደ እናቴ አልጋ ሄደ፤ እዚያ ነው አሁን የሚተኛው።

የባለቤቴን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ አላነበብኩለትም። መካሪ ላኩበት ብሎ እንዳያስብ ፈራሁ። ደብተሩን ግን አወረድኩት። ለልጆቹ «ዛሬ ከደጅ ሳይሆን ከቤት ነው የምንጽፈው» አልኳቸው። ጳጉሜን 4 ማታ ነበር። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል፤ አይሰማም መስሎ ይሰማል። ትልቁ ልጄ ጻፈ፦ «አባዬ አያቴን ተሸክሞ 3ኛ ፎቅ ወጣ።» ትንሿ ደግሞ ጸጉሬን ይሠራልኛል በሉ አለች። እውነት ነው። እኔ በጠዋት ስወጣ ሁለት ጉንጉን አድርጎ የሚልካት እሱ ነው። ዩቲዩብ አይቶ ነው የተማረው። አንዱ ወገን ሁልጊዜ ከፍ ይላል፣ ግን አይፈታም። ያንንም ጻፍን።

እኔም ተራዬን ጻፍኩ። እናቴን ካጠብናት በኋላ አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር፣ እሱ ሬዲዮ ይከፍትና ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። እንዳላየ ለመሆን። ልጇ እንኳ አልነበረም። አንድም ቀን አመስግኜው አላውቅም፤ ያገባ ሰው ያደርገዋል ብዬ አልፌው ነበር።

ሲነበብ ሰማ። ተነሥቶ መጣ። ደብተሩን ወሰደ። መልሶ ቁም ሳጥን ላይ ሊያወጣው ነው ብዬ ልቤ ቆመ። እስክሪብቶ ጠየቀና «3ኛ»ዋን ሰርዞ «4ኛ» አደረጋት። «አራተኛ ነው። እኔ ነኝ የማውቀው» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ቁጭ አለ። ገጹን ገልበጥ አድርጎ ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ አንድ መስመር ጻፈ። የድሮ አሠሪውን ነው የጻፈው። «ሦስት ወር ምንም ሳንሸጥ ደመወዝ ከፍለውናል።» ዓመት ሙሉ እሳቸው ላይ እንደተናደደ ነበር የማውቀው። ስለዚያ ደመወዝ ነግሮኝም አያውቅም።

ኡሙ፣ ባለ ሱቁም ጋ ሄድን። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስለነበር ወረፋው ብዙ ነው። ባለቤቴ የዱቤውን 1,000 ብር ይዞ ነበር የሄደው። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያስብ ሰውዬው «ና እስቲ፣ ይህን የዘይት ካርቶን አብረኸኝ አውርድ፣ ወገቤ ተይዟል» አሉት። አንድ ሰዓት ያህል ዕቃ ሲያወርድ፣ ሲደረድር፣ እንቁላል ሲቆጥር ቆየ። መለዋወጫ ዕቃ በኮድ መደርደር የለመደ ሰው ነው፣ መደርደሪያውን ሁሉ አስተካከለላቸው። ገንዘቡን ሲሰጣቸው ተቀበሉት፣ ከዱቤውም ቀነሱ። ስለሠራው ግን ምንም አልከፈሉትም፣ እሱም አልጠበቀም። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ራት ላይ ስለ መደርደሪያው ብቻ ነው ያወራው። ጋሼ፣ አግዳሚዎቹ ትዝ አሉኝ።

በዓሉን እንዴት ዋላችሁ ካላችሁኝ፣ ዶሮ አልገዛንም። ድፎ ዳቦ ደፋሁ፣ ሽሮውን በቂቤ ሠራሁት። ጓደኛዬ በሳህን ዶሮ ወጥ ላከችልን፤ እንቁላሉን አራት ቦታ ቆረጥነው። ጠዋት ላይ አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» የሚሉ ልጆች መጡ። እናቴ ሁልጊዜ ለእነሱ የምትሰጠው ዝርዝር ሳንቲም በመሐረብ ቋጥራ ታስቀምጥ ነበር። መሐረቡን ኮመዲኖዋ ውስጥ አገኘሁት። አልተፈታም ነበር፣ ያለፈው ዓመት ነው። ልጄ ፈትቶ ሰጣቸው።

ሥራ እስካሁን አልተገኘም። ግፊቴን ተለካሁ፤ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ ተብያለሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ እለካለሁ። ሲስተር፣ አንቺንም ደብተሩ ላይ ጽፈንሻል፤ ስምሽን ስለማናውቀው «የሌሊቷ ነርስ» ብለን። የሌሎቻችሁንም ጽፈናል።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ሱቃችን መጣ። ጋዜጣ ላይ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ማስታወቂያ አይቷል። ወረቀቶቹን ሰጠኝና እንደ ወትሮው ይወጣል ብዬ ስጠብቅ አልወጣም። ማሽኑ አጠገብ ቆመ። ኮፒው ሲወጣ አንድ በአንድ እያነሣ ቀጥ አድርጎ ደረደራቸው፣ ስቴፕለሩን ራሱ አነሣ። ስድስት ገጽ ነው። ሳይከፍለኝ ሄደ።